ኪኒኔ፣ ወተቴና ሽማግሌዎቹ

ጉዴን ልንገራችሁና ሳቁብኝ። ዛሬ በኮልፌ ሙሉ «አረገዘች» ተባልኩ!

ያውም እኔ! እጄን እንኳ ወንድ ይዞት የማያውቅ!

ባለፈው ክረምት ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ነበር። የሚያመኝ ነገር የለም፤ መኖር ብቻ ሰለቸኝ። ጸበሉም ምክሩም ተሞከረ። በመጨረሻ የአእምሮ ሐኪም ኪኒን አዘዘልኝና ተነሳሁ። መነሳት ብቻ? አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ! ለጎረቤት ግን «ጨጓራዋን ነው» ተብሏል።

ታዲያ ኪኒኑ ጭንቅላቴን አቅንቶ ሲያበቃ ወደ ሰውነቴ ወረደ። ወፈርኩ። የወር አበባዬ ቀረ። ከዚያ ወተት!

አዎ፣ ወተት! ከጡቴ!

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ጋ ሮጥኩ። መርምሮኝ «እርግዝና አይደለም። መድኃኒቱ ሆርሞንሽን ነክቶት ነው። መጠኑን እንቀንሳለን፤ በራስሽ ግን እንዳታቋርጪ» አለኝ።

እፎይ ብዬ አውቶቡስ ያዝኩ። ፌርማታው ላይ ስወርድ ሸሚዜ ርሷል። ፊት ለፊቴ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? እትዬ የሺ! የሰፈሩ ትራንዚስተር ሬዲዮ!

ዓይናቸው ደረቴ ላይ ቀረ። «አይ የኔ ልጅ» ብለው እየተጣደፉ ሄዱ።

ጓደኛዬ ጋ ቆይቼ ከሰዓት ቤት ስገባ፣ ሽማግሌዎች አባባን ከበው ተቀምጠዋል።

«ማነው?» አሉኝ አባባ።

«ኪኒን ነው።»

«ኪኒን ደግሞ ማንን አስረግዞ ያውቃል!» አሉ ግራዝማች ወልዴ፣ የሽማግሌዎቹ አውራ።

እማዬ ጎተት አድርጋኝ «ዝም በይ! አበደች ከምትባይ አረገዘች ብትባይ ይሻላል!» አለችኝ።

ዝም? እኔ?

«የጭንቅላት መድኃኒት ነው የምውጠው!» አልኩ ቆሜ። «ከአልጋ ያነሳኝ እሱ ነው፣ ወተቱንም ያመጣው እሱ ነው። አልደብቀውም፣ አላቆመውምም። ያላመነ ነገ ሐኪሙ ጋ አብሮኝ ይሂድ!»

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ትዋጠው» አሉ። «ልጄን ከአልጋ ያነሳልኝን እኔ አልጥልም።»

ኩራቴ ጣራውን ሊበሳው!

ግራዝማች ግን ጭንቅላታቸውን አከኩ። «እንግዲያ የዚያን ልጅ ነገር ምን እናድርገው?»

«የቱን ልጅ?»

ለካ ወደኛ ከመምጣታቸው በፊት ልብስ ሰፊው ተሾመ ጋ ሄደዋል! ስወፍር ቀሚሴን ያሰፋልኝ እሱ ስለሆነ፣ እትዬ የሺ ጠርጥረውታል። ወገቤን የለካችው እንኳ እህቱ ናት!

«እና ምን አለ?»

«አልካደም። አገባታለሁ አለ።»

እስቲ ፍረዱኝ። የወለዱትን የሚክዱ በሞሉበት ሰፈር፣ ያልነካትን ያልካደ ወንድ ይታለፋል?