የብሎካችን ጠቅላይ ፈታኝ

ጋሼ ገሠሠን አንድ ተራ ቀን ምን ያህል እንደሚያስወጣቸው ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሚገዙት ከኔ ሱቅ ነው። አንድ እፍኝ ከረሜላ፣ በትክክል ለመለሰ ልጅ የሚሸለም። አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ በትክክል ላልመለሰ ልጅ ከማዘን ብዛት ጉሮሯቸው ሲደርቅ የሚጠጡት። ከዚያ ደግሞ የአንድ ሙሉ ከሰዓት ድምፅ፣ ማታ «ደኅና እደሪ» ሲሉኝ ተሰነጣጥቆ የሚወጣ። ካለፈው ሰኔ ወዲህ በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ድንች ተጨምሯል። የድንቹን ነገር እመጣበታለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ፈታኝ የሌለው ኮንዶሚኒየም የለም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ውኃ ሦስተኛ ፎቅ የማይወጣበት ብሎክ አለ። የደረጃው መብራት ከተመረቀ ቀን ጀምሮ በርቶ የማያውቅ ብሎክ አለ። ከደረጃው ሥር ወንበር አውጥቶ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰውን ሕፃን ሁሉ አስቁሞ የሚፈትን ሽማግሌ የሌለው ብሎክ ግን ካለ ንገሩኝና ሄጄ ልየው። እነዚህን ሰዎች የሾማቸው የለም፤ ስለዚህ የሚሽራቸውም የለም።

የኛው፣ የለቡ መብራት ኃይል ሰፈሩ ፈታኝ፣ ክቡር ጋሼ ገሠሠ ናቸው። መምህር ነበሩ ብላችሁ እንዳታስቡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኖሩት ቃሊቲ አንድ መጋዘን በር ላይ የሚወጣውን መኪናና ሰው ሲፈትሹ ነው። «ካልሲው ውስጥ ሚስማር የደበቀን ሰው ከአረማመዱ አውቀዋለሁ» ይላሉ። ሥራውን ሲተዉ በሩን ለባለቤቱ ትተው ጥያቄውን ይዘው መጡ። ቦርሳ ያዘለ ልጅ ብቅ ሲል አንገታቸውን ቀና ያደርጉና፦

«ዛሬ ምን ይዘሽ ወጣሽ?»

ደግሞ ልጅ ብቻ አይምሰላችሁ። አንዴ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ጎረምሳ «አሥራ አራቱን ክፍለ ሀገር ጥራ» ብለውት ስምንተኛው ላይ ቆመባቸው። ደረጃውን አላስወጡትም። «ስምንት ብቻ የሚያውቅ ሰው የኔን ቆጣሪ አያነብም!» ልጁ ስልኩን ከፍቶ የቀሩትን አንብቦላቸው ነው ያለፈው።

የአራተኛ ፎቋ የሜሪ ልጅ ኢያቄም ለጋሼ ፈተና የተፈጠረ ነው። መካኒሳ ካለ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፤ ሰርቪሱ ገና ሳይነጋ መጥቶ ይወስደዋል። ከሰዓት ከሰርቪሱ ሲወርድ፣ እሱ ቦርሳውን ያዘለው ሳይሆን ቦርሳው እሱን አዝሎት ይመስላል። «ዛሬ ምን ይዘህ ወጣህ?» ሲባል ግን ዓይኑን ጨፍኖ ከዋን እስከ ሀንድረድ በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል። ናይንቲ አካባቢ ፊቱ ይጠቁራል፤ እኔ ውኃ ይዤ እቆማለሁ። ሀንድረድ ላይ ሲደርስ ጋሼ ጭናቸውን ይመታሉ። «ይኼ ነው ትምህርት!» ከረሜላ።

የኔዋ ሶሬቲ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ኬጂ ቱ። ትምህርት ቤቷ እዚሁ ከብሎካችን ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመጣለች።

«ሶሬቲ፣ ዛሬ ምን ይዘሽ ወጣሽ?»

«ባቄላዬ በቀለ፣ አባባ!»

«ምንሽ?»

«ጥጥ ላይ ያስቀመጥነው። የሚኪ ግን በሰበሰ። ውኃ አብዝቶበት ነው።»

«ግብርና ነው እንዴ ያስገቡሽ?»

ከረሜላ የለም። በማግስቱ ክንዷ ድረስ ርሳ መጣች። ዛሬስ? ዛሬ ሳፋ ውስጥ ዕቃ እየከተቱ የሚሰጥመውንና የሚንሳፈፈውን ሲለዩ ውለዋል። ጠጠር ይሰጥማል፣ ቡሽ ይንሳፈፋል። «ማንኪያ እንደሚሰጥም እኔ ነኝ ቀድሜ የገመትኩት!» ጋሼ ሻይ አዘዙ። በሌላ ቀን የሳምንቱን ቀናት በኦሮምኛ እየዘፈነች፣ «ዊጠታ፣ ኪብጠታ፣ ሮቢ» እያለች እየዘለለች መጣች። አንድ ቀን ደግሞ ስለ መጣላትና ስለ መታረቅ ተምረው፣ «መጀመሪያ ምን እንዳስከፋሽ ትናገሪያለሽ፣ ከዚያ ታዳምጫለሽ» ብላ አስረዳቻቸው። በፊደሉ ቀን የባሰ ሆነ።

«ስሜን ጻፍኩ! 'ሶ'ን ብቻ። አሸዋ ላይ፣ በጣቴ።»

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «ተናኘ! ለአሸዋ ነው እንዴ የምትከፍይው? አሸዋማ ይኸው ከብሎኩ ጀርባ በነጻ ተከምሯል!»

ተከምሯልም። የሚሠራ ሕንፃ አለ፤ አሸዋው ያለ ባለቤት እንደተቆለለ ነው።

«ከምሳ በኋላ ደግሞ እንተኛለን» አለች ልጄ፣ መርዶው እንዳይጎድል።

«ተኝቶ መማር!» ጋሼ ራሳቸውን ያዙ። የዚያን ቀን ሁለት ሻይ ጠጡ።

ይኼ ሁሉ ቀልድ ነበር፤ እስከ አንድ ምሽት። ባሌ ለሊሳ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። አባቱ ጤፍ ያጭዱበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ እሱ የሰው ሳሎን ያነጥፋል። የዚያን ዕለት ከሥራ ሲመለስ ጋሼ አስቆሙት።

«ለሊሳ፣ ልጅህ ባዶ እጇን ነው የምትወጣው። እኔ አይቼ ዝም አልልም።»

ለሊሳ እራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። እሱ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ባለቤቶቹ የሚሠራበት ቤት መጥተው እንግሊዝኛ መነጋገር ሲጀምሩ የሴራሚኩን ጠርዝ የሚለካ መስሎ አንገቱን እንደሚደፋ ነግሮኛል።

«ልጄ እንደኔ መሬት መሬት እንድታይ አልፈልግም» አለ። «መካኒሳ እናስገባት። ምዝገባው ሊያልቅ ነው።»

«ሳይነጋ ቀስቅሰናት፣ ሰርቪስ ውስጥ አንቀላፍታ ሄዳ፣ ሰርቪስ ውስጥ አንቀላፍታ ትምጣ? አሁን እኮ ጠዋት ጫማዋን ራሷ አድርጋ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ። የምትወደውን ነገር ለምን እንነጥቃታለን?»

«መውደድ ሌላ፣ ማወቅ ሌላ።» ሰሐኑን ገፋ አደረገና፣ «በይ፣ ቅዳሜ ጋሼ እፊታችን ይፈትኗት። ካለፈች ትቆይ። ከወደቀች ሰኞ አስመዘግባታለሁ።»

እሺ አልኩ። እንደማታልፍ እያወቅኩ። ልጄ እስከ ሃያ በሥነ ሥርዓት ትቆጥራለች፤ ከሃያ በኋላ ደስ ያላትን ነው የምትጠራው።

ቅዳሜ ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ወረዱ። ወንበራቸውን ሱቄ በር ላይ አስተካክለው ተቀመጡ። ለሊሳ ቆመ። ሶሬቲ ከቤት ወረደች፤ ከመቀመጧ በፊት ከሱቄ በር ላይ ካለው ጆንያ አንድ ድንች መርጣ ያዘች። ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ልብ አልነበረኝም።

«ቁጠሪ።»

ቆጠረች። «…አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ አሥር…»

ጋሼ ለሊሳን አየት አደረጉት።

«ስድስትና ሦስት?»

ሶሬቲ ድንቹን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተንበረከከች። ከለስላሳ ሳጥኑ ሥር ቆርኪ ለቃቀመች፤ ሦስት ሦስት እያደረገች በመስመር ደረደረች። «ዘጠኝ!»

«በቆርኪ? ጭንቅላትሽ የት ሄዶ?»

«ቆርኪውን አምጪ ያለኝ እኮ ጭንቅላቴ ነው።»

ለሊሳ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጋሼ፣ ለአንድ ክፍል ስንት ሴራሚክ እንደሚገባ እኔም እንደዚሁ በመስመር ነው የም…»

«አንተ ተፈታኝ አይደለህም! ኤቢሲዲ በይ።»

በዜማ ጀመረች። እስከ ጂ ድረስ አንድም እንከን አልነበረም። ከዚያ ዜማው ፈጠነ፣ ፊደሎቹም እየተገፈታተሩ «ኤለመኖፒ» ሆነው ወጡ።

«ኤለመኖፒ የሚባል ፊደል የለም!»

ለሊሳ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ የከረሜላውን ዕቃ ክዳን ከፍቼ ዘጋሁት። በቃ፣ መካኒሳ ሆነ። ሶሬቲን ሳያት ግን እንደወደቀ ሰው አትመስልም። ብድግ ብላ ድንቹን ጋሼ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«አሁን የእርስዎ ተራ ነው።»

«የምን ተራ?»

«ኳሱን የያዘ ነው የሚመልሰው። ከጨረሰ ኳሱን ለሌላ ሰጥቶ ይጠይቃል። ጠዋት ጠዋት ሚስ አያንቱ ክብ ታስቀምጠንና እንደዚያ ነው የምንጫወተው። የኛ ኳስ ከካልሲ ነው። እዚህ ስለሌለ ድንች ይሁን።»

«እንግዲያው ጠይቂያ» አሉ ጋሼ፣ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው። አሥራ አራቱን ክፍለ ሀገር የምትጠይቃቸው መስሏቸዋል።

«ዛሬ ከማን ጋር ተጫወቱ?»

ጋሼ ድንቹን አገላበጡት። መልሱ ከሥሩ የተጻፈ ይመስል። ለሊሳን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ሁለተኛ ፎቅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ሴት ልጃቸው አግብታ አዳማ ከገባች ቆይታለች። ስንት ዘመን ሻይ ስሸጥላቸው እኔ ራሴ «ስኳር ልጨምር?» ከማለት ሌላ የጠየቅኳቸው ነገር ትዝ አልል አለኝ። ሰው ሁሉ ይመልስላቸዋል እንጂ የሚጠይቃቸው የለም።

«ከማንም» አሉ።

ከንፈሬን ልመጥ ስል ሶሬቲ ቀደመችኝ። የማዘን ነገር ፊቷ ላይ የለም፤ ሕግ እንደሚያስከብር ሰው ኮስተር ብላለች።

«ከማንም ካሉ የጠየቀው ልጅ ነው አብሮ የሚጫወተው። ሕጉ ነው።» አውራ ጣታቸውን ይዛ ወደ ብሎኩ ጀርባ ይዛቸው ሄደች።

እኔና ለሊሳ ሱቁን ክፍት ትተን ተከተልን። ክቡር ጠቅላይ ፈታኙ የኮታቸውን እጅጌ ሰብስበው በአሸዋው ላይ ቁጢጥ ብለዋል። መጀመሪያ ትንሽ አፈሩ። ወዲያው ግን መጋዘን መሥራት ጀመሩ። ግድግዳ አቆሙለት፣ በር አወጡለት፤ ሶሬቲ ቆርኪዎቿን እንደ መኪና እየነዳች ስትመጣ በሩ ላይ አስቁመው ሾፌሩን «ምን ይዘህ ወጣህ?» ይላሉ። ኢያቄም ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ አይቶ ሮጦ ወረደ፤ ከአሸዋው ዳር ሲደርስ ግን ቆመ።

«ምን ተብሎ ነው የሚመለሰው?» ሲል ጠየቀ።

«ምንም አይመለስም» አለችው ሶሬቲ። «ቆፍር።»

ቆፈረ። ያ ልጅ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ለሊሳ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ኢያቄምን ሲያይ ቆየ፤ ምን እያሰበ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ኮታቸውን አራገፉ።

«ለሊሳ።»

«አቤት ጋሼ።»

«መካኒሳውን ተወው። ልጅህ ይዛ ነው የምትወጣው። ዕድሜዬን በሙሉ ስፈትሽ እንደዚህ ሸውዶ ያለፈኝ ሰው የለም።»

ወደ ቤት ስንወጣ ለሊሳ «እንግሊዝኛውስ?» አለኝ፣ እንደ ተሸናፊ ሳይሆን እንደ አባት።

«ትማረዋለች። እስከ ኤለመኖፒ ደርሳለች፤ አንተም ከዚያው ተያያዘው» አልኩት። ደረጃው ላይ ቆሞ ሳቀ። ሰኞ እሱ ወደ ሥራው ሄደ፣ ሶሬቲ በእግሯ ወደ ኬጂዋ። አሁን እራት ላይ የኤቢሲዲውን ዜማ ሁለቱ አብረው ነው የሚያበላሹት።

ጋሼ ተለወጡ እንዳትሉኝ። ፈተናው ቀጥሏል፤ «በኛ ጊዜ» ቀጥሏል፤ ሀንድረድ አሁንም ከረሜላ ያስገኛል። ግን አሁን ልጁ መልሶ ሲጨርስ ድንቹን ይቀበሉትና ጥያቄ ይጠብቃሉ። ኢያቄም ባለፈው «መጋዘኑ ውስጥ አይጥ ነበር?» ብሎ ጠይቋቸው ታሪኩ እስኪመሽ አላለቀም። ሜሪ ልጇን ልትወስድ መጥታ እሷም ቁጭ ብላ ሰማች። ድንቹን በየቀኑ ከኔ ይገዛሉ፤ በነጻ ይውሰዱ ስል ይቆጣሉ። የትናንቱን ምን አደረጉት ስላቸው «ወጥ» ይሉኛል።

በቀደም ጉንፋን ይዟቸው ሳይወርዱ ዋሉ። ልጆቹ ያለ ፈተና ወደየቤታቸው መግባት ሲችሉ፣ ባዶው ወንበር ጋ እየደረሱ ይቆሙ ነበር። እኔም ሱቁን ዘግቼ በፔርሙስ ሻይ ይዤ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን ሲከፍቱ፣ በዚያ በተዘጋ አፍንጫቸው፣ «ዛሬ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ። ናፍቆኝ ኖሯል።

ስለዚህ ወደ ለቡ መብራት ኃይል ብቅ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብሎካችን ሥር አንድ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ያስቆሟችኋል። ብትቸኩሉም ቁሙላቸው፤ ስምንት ክፍለ ሀገርም ብታውቁ ስምንቱን ጥሩ። ስትጨርሱ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉ። ድንቹን እጃቸው ላይ አስቀምጡና ዛሬ ከማን ጋር እንደተጫወቱ ጠይቁልኝ። ከጠዋት ጀምሮ መልሱን አዘጋጅተው ነው የሚጠብቋችሁ።