የሶልያና ቀጠሮ

የእኛ አገር ሰው መልእክት ሲደርሰው «እሺ» ይላል፤ ባይደርሰውም «እሺ» ይላል። ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም። መልእክት አቀባይ የምንለው ፕሮግራም አለ። ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል፤ ተቀባዩ «ደርሶኛል» እስኪል ድረስ ግን መልእክቱን አይጥልም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሦስተኛው እሱ ነው።

እኔ እዚህ ባሕር ዳር በእንዲህ ያለ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤታችን በጣና ዙሪያ ላሉ እናቶች የልጆቻቸውን የክትባት ቀጠሮ በስልክ ያስታውሳል። ግቢ ውስጥ ተከራይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ አይከብዳችሁም። አንዱ ትልቅ ኮምፒውተር አከራይ ነው፤ በውስጡ ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉ ተከራዮች አሉ። ቀጠሮውን የሚያዘጋጀው ተከራዩ፣ ወደ ስልክ የሚልከው አከራዩ ነው። ስለዚህ የተከራዩ አቀባይ ለአከራዩ አቀባይ ማድረስ አለበት።

ልጃችን ሶልያና በስምንት ወሯ ሞተች። ለሕፃን ተዝካር የለም። ለቀስተኛው «መልአክ ናት፣ አታልቅሱ፤ እግዜር ይተካል» ብሎ ቶሎ ተነሣ። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። የዚያን ዕለት አቀባዮቹን ሳገናኝ፣ በአከራዩ አድራሻ ፋንታ ማንኛውም ኮምፒውተር ራሱን የሚጠራበትን አድራሻ ጻፍሁ። ተከራዩ የገዛ በሩን ሲያንኳኳ ሰነበተ። የጀማሪ ስሕተት ነው። ልብ ያለው ሰው አይሳሳተውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በጣና ዳር ያለው የቁንዝላ ጤና ጣቢያ ነርስ ደወለች።

«ወንድሜ፣ እናቶቹ ቀሩብኝ እኮ! ያ አስታዋሻችሁ ሱባኤ ገባ እንዴ? ነገ የክትባት ቀን ነው!»

ከፍቼ አየሁ፤ መልእክቱ ተቆልሏል። ማረሙ የአንድ መስመር ሥራ ነበር። እጄን የያዘኝ ሌላ ነው፦ ከሰልፉ መካከል የሚስቴን ስልክ ቁጥር አየሁ። «የልጅዎ የሶልያና የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ ደርሷል» ይላል። ከመዝገብ ያወጣት ሰው የለም። እኔም አላወጣኋት።

አቀባዩ በተራ እንጂ እየመረጠ አያወጣም። ያን አንዱን ለይቼ ላውጣ ብል ቀን ይፈጃል፤ የሌሎቹ ልጆች ክትባት ደግሞ ነገ ነው። ሚስቴ የሺ ቤት ናት። ልጃችን ከተቀበረች ወዲህ ስሟን አንሥተን አናውቅም፤ እሷ ለእኔ ብላ፣ እኔ ለእሷ ብዬ።

ደወልሁላት።

«የሺ፣ አንድ መልእክት ሊመጣብሽ ነው» ብዬ ነገሩን ነገርኋት።

ወዲያው ቀጠልሁ፦

«ስልክሽን አጥፊው።»

«ካጠፋሁት ይቀራል?»

«አይቀርም። ስትከፍቺው ይመጣል።»

«እንግዲያው ላከው» አለች። «ስሟን የሚጠራልኝ ሰው አጥቻለሁ።»

አድራሻውን አርሜ ሁሉንም ላክሁት። ሲደርሳት በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ከስሟ ጀምራ «የክትባት ካርዷን ይዘው ይምጡ» እስከሚለው ድረስ። በሥራ ሰዓት፣ በሰው ፊት አለቀስሁ።

«ካርዷን ቤት ሙሉ ፈልጌ አጣሁት» አለች።

«እኔ ኪስ ውስጥ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ።»

«ይዘኸው ና» አለችኝ። «ብቻህን አትየው።»