የጋሽ ግርማ ሞተር አዲስ አንገት

ጩኸት በገንዘቡ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዝምታ ቢገዛ አልፈርድበትም፤ ዝምታ ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። አንዳንዱ ሰው ግን በሰው ጆሮ ሁሉ ካልገባ በሕይወት ያለ አይመስለውም። ድሮ እንዲህ ያለው ሰው ሠርግ ቤት ገብቶ ይፎክር ነበር፤ ዛሬ ሞተር ብስክሌት ይገዛና የጭስ ማውጫ ማርሚታውን ያስቀይራል። ፉከራው ቢያንስ ግጥም ነበረው።

ሞተር ስላችሁ ምግብ የሚያደርሰውን ምስኪን እንዳይመስላችሁ። 'አድቬንቸር' የሚሉትን ነው፤ ቁመቱ በቅሎ የሚያክል፣ ግራና ቀኝ የብረት ሳጥን የተጫነ፣ በረሃ ያቋርጣል የተባለለትን። እዚህ ዐረብ አገር፣ ሙስካት ውስጥ ያሉትን ባለቤቶቹን አውቃቸዋለሁ። የሚያቋርጡት በረሃ ከአል አመራት ተነስቶ፣ ተራራውን ዞሮ፣ ቁሩም ወርዶ ካፑቺኖ መጠጣት ነው። ለዚያች እንደ መስታወት ለተወለወለች አስፋልት የጉልበት መከላከያ ያጠልቃሉ፤ ሳጥኑ ውስጥ የእባብ መርዝ መምጠጫ ይይዛሉ። እባቡ ካፌው ውስጥ ቁጭ ብሎ ካልጠበቃቸው በቀር የት እንደሚያገኙት እነሱም አያውቁም።

አብረውኝ ቤት የተከራዩት ጋሽ ግርማ እንኳ እንዲህ ያሉ ሰው አልነበሩም። የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው፤ ሞተራቸውንም ለሥራ መመላለሻ ነበር የገዙት። ኮሮና አውሮፕላኖቹን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ እሳቸውንም አብሮ አስቀመጣቸው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? ጋሽ ግርማም አንድም ነገር ያልጎደለውን ሞተር ጎንበስ ብለው ያዩት ጀመር። ቆቡን ይቅደዱ ብዬ መቀሱን ያቀበልኩት ግን እኔ ነኝ። ልደብቃችሁ አልችልም።

እስቲ ላስረዳችሁ፤ እኔ ይህንን ከቪዲዮ ተምሬ ጨርሼዋለሁ። ሞተር አራት ነገር ያደርጋል፤ ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ያቃጥላል፣ ይተነፍሳል። ትንፋሹ ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው ወጥቶ ወደ ማርሚታው የሚወርድበት የቧንቧ አንገት 'ሄደር' ይባላል። የፋብሪካው አንገት ውስጥ የጭስ ማጣሪያ አለ፤ ጭሱን ያጠራል፣ ድምፁንም ያለዝባል። ታዝዞ የሚመጣው ግን ልሙጥ ነው፤ ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል፣ ጉልበትም ይጨምራል ይላሉ የቪዲዮው ሰዎች። ስንት? እዚህ ላይ ሲደርሱ ሙዚቃ ያስገባሉ።

ያዘዝነው ዕቃ ከሳምንታት በኋላ መጣ። ካርቶኑን መድኃኒት ረጭተን አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ ያኔ ቲማቲም እንኳ በሳሙና ይታጠብ ነበር። ጋሽ ግርማ ከሥር ያለውን መከላከያ ብረት ፈቱ፣ የዛጉትን ዳዶዎች ዘይት አጠጥተው አላቀቁ፣ አዲሱን አንገት ትንፋሽ እንዳያሾልክ በአዲስ ጓርኒሲዮን ገጠሙ። እኔ አብራራሁ። ቁልፉ ሲዞር፣ ዱሮ እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋ የነበረው ሞተር ባዶ በርሜል ደረጃ ላይ ሲንከባለል የሚያሰማውን ድምፅ አወጣ።

"ተነፈሰ!" አልኩ።

"ሳለ" አሉ ጋሽ ግርማ።

አሁን ዘይነባን ላስተዋውቃችሁ። ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ፣ ግንቡ ከሰው ቁመት እጥፍ በሆነ ቤት ውስጥ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። በደጉ ጊዜ ዓርብ ዓርብ ትወጣ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ አሠሪዋ "ኻላስ፣ መውጣት ማፊ" ብላ ከለከለቻትና፣ የውጭው ዓለም ለዘይነባ ጥጉ ላይ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ሆነ። ጋሽ ግርማ በርበሬና የስልክ ካርድ ሲያደርሱላት ገንዳው ጋ ይቆማሉ፤ ወዲያው ዘይነባ ፌስታል አንጠልጥላ ብቅ ትላለች። ሁልጊዜ። እኔ ይህን የአጋጣሚ ሕግ ነው ብዬ፣ ወረቀት ላይ ሥዬ፣ ለጋሽ ግርማ አስረድቻቸው ነበር። አዳመጡኝ፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

አንገቱ ሊቀየር አካባቢ ዘይነባ የሞተ ስልኳን ሰጠችኝ። አሠሪዋ ከሱቅ የመጣውን ሁሉ ስትረጭ ስልኩንም ረጭታ አጥባዋለች።

"አንተ የማታውቀው የለም አይደል?" አለችኝ። "ለአረፋ በዓል ሠርተህ አድርስልኝ ወንድሜ። እማዬን ዐረብ አገር ሰው አለቀ ብለዋታል፤ በአረፋ ድምፄን ካልሰማች ለቅሶ ነው የምትቀመጥ፣ ወላሂ።"

ሠራሁት። በዚህስ አልታማም። አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ስልኩን ይዘን በአዲሱ አንገት እያስገመገምን ሄድን። ዘይነባ አልወጣችም። በማግስቱም ሄድን፤ አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን ገንዳው ጋ ቆመን ስንቀቀል ከቤቱ አንድ ጎልማሳ ወጥቶ "ኤሽ ፊ?" ብሎ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀን። "ማፊ፣ ማፊ"፣ ምንም የለም ብለን ሸሸን።

'በሩን አታንኳኩም ነበር?' ትሉኛላችሁ። እናንተ በሰው አገር በር አንኳኩታችሁ አታውቁም። ሁለት ወንዶች መጥተው የቤት ሠራተኛ በስሟ ከጠሩ፣ የምትባረረው እሷ ናት። እንዳንደውልላት ስልኳ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

እኔ ታዲያ ዝም አላልኩም። ምናልባት ታማለች፣ ምናልባት ሌላ ቤት ተዛውራለች እያልኩ በየመላ ምቱ ማስረጃ አቀረብኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች እኔን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

የአረፋ ዕለት ጠዋት ግቢ ስወጣ ጋሽ ግርማ ሞተሩ ሥር ተጋድመዋል።

"ምን እየሠሩ ነው?"

"አሮጌውን እየመለስኩ።"

"እንዴ! ይኼኛው እኮ ገና እሳት አልለመደም!"

ከሥር ሆነው አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ ያቺ ሴት እዚያ ግንብ ኋላ ሆና መምጣታችንን በምን ነበር የምታውቀው?"

ዓይኔ ወደ አዲሱ አንገት ሄደ።

"ሦስት ቀን ሙሉ የማታውቀው ሰው ሆነን ስንጮህባት ከረምን" አሉ።

"ግን እኮ... ያገለገለ ጓርኒሲዮን ድጋሚ አይገጠምም። ሕጉ..."

"ሕጉን ያንን ቁልፍ እያቀበልክ ትነግረኛለህ።"

ረፋዱ ላይ ወጣን። በተጨፈለቀው ጓርኒሲዮን ትንሽ እየተነፈሰ፣ ግን በዱሮ ድምፁ እያንኮራፋ፣ ሞተሩ ወደ ገንዳው ታጠፈ። ገና ሳንቆም የብረቱ በር ሲጥ አለ። ዘይነባ፣ ጭምብሏ አገጯ ላይ፣ ፌስታሏ ውስጥ አንዲት የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ!

"የት ጠፍታችሁ ነው ጋሽዬ? በሽታው የወሰዳችሁ መስሎኝ ሳለቅስ አይደል የከረምኩት!"

"እኛማ በየቀኑ መጥተናል" አልኳት።

"ማን? ያ የሚያስገመግመው ባለጌ እናንተ ናችሁ? ማዳም 'አላህ ይስበረው' ስትል እኔ 'አሚን' እል ነበር!"

ጋሽ ግርማ ሳቃቸውን በጭምብላቸው ሸፈኑ። ስልኩን ሰጠኋት፤ ጉያዋ ውስጥ ወተፈችው።

"ስሚ ዘይኔ፣ ባትሪው መጀመሪያ እንዳይግል፣ ቻርጁ ከሃያ በታች ሳይወርድ..."

"እሱን ሌላ ቀን ታስረዳኛለህ ወንድሜ፣ ያላ!" በሩ ተዘጋ።

ማድቤቱ ግንቡን ተደግፎ የተሠራ ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ ሩቅ አገር የሚደውል ሰው ሁሉ እንደሚጮኸው እየጮኸች ሰማናት። "እማ! እማ! እኔ ነኝ! ኧረ አለሁ! ኧረ ደኅና ነኝ፣ አታልቅሽ!"

ጋሽ ግርማ ቁልፉን ሊያዞሩ የዘረጉትን እጅ መለሱ። ወረዱና መሪውን ያዙ፤ እኔም ከኋላ ያዝኩ። ከሁለት ኩንታል በላይ የሚመዝነውን ብረት በሐምሌ ፀሐይ እየገፋን ሄድን። እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ አንድም ነገር አላብራራሁም።