ባለሙያው ይዞት የሄደው ቃል

ቆልፎ ቁልፉን ይዞ የሚሄድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛን አጋጥሞናል። በደርግ ጊዜ ነው፤ ባሕር ዳር፣ የጀልባ መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ስሠራ።

ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ አንድ ኮምፒዩተር መጣልን። የዕቃ መቆጣጠሪያውን ፕሮግራም የሠራው የውጭ አገር ባለሙያ ኮንትራቱ አለቀና አገሩ ገባ። የይለፍ ቃሉን ግን ለማንም አልነገረም። ማሽኑ በበራ ቁጥር ቃሉን ይጠይቃል፤ እኛ እንፋጠጣለን። የባለሙያውን ስም ጻፍን፤ እምቢ። የሚስቱን፤ እምቢ። ጣና ብንለውም እምቢ። ኃላፊያችን ጓድ መርሻ ራሳቸው መጥተው «አብዮት» ብለው ጻፉ። እምቢ አለ! በዚያ ዘመን አብዮትን እምቢ ብሎ በሰላም ያደረ እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

በኋላ ከአዲስ አበባ «ካልሠራ መልሱት» የሚል ትእዛዝ መጣ። በጣም የደነገጠችው ባልደረባዬ ዘይነብ ነበረች። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ የተቀጠረችው ለኮምፒዩተሩ ነው። እሱ ከሄደ እሷም ወደ አባቷ ጨርቅ መደብር መመለሷ ነው።

«ስሚኝማ» አለችኝ፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ቃሉን መገመቱን ትተን ለምን ፕሮግራሙን ፈታተን አናየውም?»

ከማሽኑ ጋር የመጣ፣ የሌላውን ፕሮግራም ሆድ ዕቃ ገልጦ የሚያሳይ መሣሪያ ነበር። ከፈትነው። ቁጥር በቁጥር! እኔን ራሴን አዞረኝ። ዘይነብ ግን መለማመጃ ፈጠረች። እሷ ትንሽ ፕሮግራም ጽፋ በቃል ትቆልፋለች፣ እኔ እፈታለሁ፤ በማግሥቱ መቆለፉ የእኔ ተራ ነው። የተሸነፈች ሐይቁ ዳር ዓሣ ትጋብዛለች። ስንቱን ዓሣ ጋበዝሁ መሰላችሁ! እያደር ግን ቁጥሩ ማውራት ጀመረ። ይኼ «አወዳድር» ይላል፤ ያኛው «ካልገጠመ ተመለስ» ይላል። መጀመሪያ ያሸነፍኋት ቀን ከዓሣው ይልቅ ደስታው አጠገበኝ።

ከዚያ ወደ ባለሙያው ፕሮግራም ገባን። ቃሉ የተደበቀበትን ብንፈልግ፣ ብንፈልግ የለም። ድንገት ዘይነብ ከት ብላ ሳቀች። ለካ ፕሮግራሙ ቃሉን አያነብም! ፊደሉን ቆጥሮ አሥራ አንድ ከሞላ ይከፍታል፣ በቃ። ያገኘችውን አሥራ አንድ ፊደል መታች፤ ተከፈተ። ተቃቅፈን ዘለልን። ኮምፒዩተሩም ቀረልን፣ ዘይነብም ቀረችልን።

የዚያን ዕለቱን የጓድ መርሻን ነገር ግን ልንገራችሁ። ጩኸታችንን ሰምተው እየሮጡ መጡ።

«ቃሉ ምንድን ነው?»

«አሥራ አንድ ፊደል ይሁን እንጂ የፈለጉትን ይጻፉ» አለቻቸው ዘይነብ።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «የፈለግሁትን?» ዞር ብለው በሩን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣

«ልጄ፣ ለእኔስ አንቺው ጻፊልኝ» አሉ።