የማይተነፍሱ ዘማሪዎች

ልጅ ክፍሏን ዘግታ ስትጮህ ወላጅ ይቆጣል፤ ዘግታ ዝም ስትል ደግሞ ይጨነቃል። ሁለቱም የለመድነው ጣጣ ነው። ብቻዋን የገባችበት ክፍል ውስጥ መዓት ሰው ሲዘፍን ቢሰማችሁስ? ለዚህ እስካሁን ምክር ያለው ሰው አልገጠመኝም።

የምንኖረው ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ላክ ሰፈር ነው። ግድግዳችን ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" እንላለን። ልጄ ሶስና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምር ነበር፤ አንድ የበዓል ቀን መሀል ላይ ድምጿ ተሰነጠቀና ልጆች ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ሻወር ውስጥ እንኳ አላንጎራጎረችም። እናቷ ለመነች፣ እኔ ተቆጣሁ፤ እምቢ አለች፣ እምቢ!

እንግዲህ ከዚህች ልጅ ክፍል ነው ብዙ ሴቶች በማላውቀው ቋንቋ ሲዘምሩ የሰማሁት። በሩን ስከፍት ብቻዋን ኮምፒዩተሯ ላይ ተደፍታለች። ማን ነበር እዚህ ብላት፣ "ማንም ፓፓ፣ ኽዎን ሙዚክ!" አለችኝ፤ ተራ ሙዚቃ ነው ማለቷ ነው። ተራ ሙዚቃ አንዷን ስንኝ አንዴ በቀጭን፣ አንዴ በወፍራም ድምፅ ሲመላለስባት ያመሻል እንዴ?

ከበላያችን ፎቅ የሚኖሩትን ጋሽ ተፈራን አማከርኳቸው። ጋሽ ተፈራ በዓለም ጉዳይ ሁሉ አቋም ያላቸው ሰው ናቸው። "ይሄማ ሃይማኖት ነው" አሉ ወዲያው። "በስልክ ነው አሉ የሚያስገቧቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትሄደው?"

"አምስተልቨን ከተማ፤ ለልምምድ ነው ትላለች።"

"የምን ልምምድ?"

"እሱን አልነገረችኝም።"

"ታዲያ ተከተላታ!"

ተከተልኳት። ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ፣ ባቡር ላይ አንድ ፉርጎ ራቅ ብዬ፣ ራሴን እንደ ደህንነት ሰው እየቆጠርኩ። ሁሉም ነገር ሰምሮልኝ ነበር፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ላይ ግን ካርዴን ማሽኑ አልቀበል አለ። ደግሜ ደጋግሜ አስጠጋሁት፤ ማሽኑ ጮኸ፣ ሹፌሩም ጮኸ። ከኋላ ወንበር ደግሞ "ፓፓ፣ እሱ እኮ የጤና ኢንሹራንስ ካርድህ ነው" የሚል የማውቀው ድምፅ መጣ።

አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ጃፓኖች በኮምፒዩተር ውስጥ የሚዘፍን ድምፅ ሠርተዋል፤ ቃልና ዜማ ሲጻፍለት ይዘፍናል። ዘፈኖቹን የወደዱ ሰዎች በየአገሩ፣ በየቤታቸው ይዘፍኑና ተቀናብሮ ኅብረ ዝማሬ ይሆናል። እነዚህ የአምስተልቨኖቹ ግን በአካል ተሰብስበው ነው የሚዘፍኑት።

"አንቺም?" አልኳት፣ ልቤ ተንጠልጥሎ።

"እኔ አልዘፍንም። ዜማውን ለየድምፁ አከፋፍዬ እጽፋለሁ፣ ኮምፒዩተሩ ይሞክረዋል። እሱ ቢሳሳት ማንም አይስቅበትም።"



አብረን የገባንበት አዳራሽ ውስጥ ጃፓናውያን እናቶችና የሆላንድ ወጣቶች ተሰልፈዋል። መሪያቸው ፀጉራቸው የሸበተ ጃፓናዊት ናቸው። መጀመሪያ የሶስናን ሥራ ከኮምፒዩተሩ አሰሙን፤ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ቀጥሎ ሰዎቹ ጀመሩ። ምን ዋጋ አለው! ስንኙ ሳይጋመስ ፊታቸው ቀላ፣ አንዷ አሳላት፣ ሌላው ወንበር ያዘ፣ ዜማው ተንጠባጥቦ ቆመ። ለካ ኮምፒዩተር አይተነፍስም! ልጄ ለሰው ልጅ አንድም መተንፈሻ ሳትተውለት ነው የጻፈችው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሶስና ጃኬቷን አነሳች። እኔ ደግሞ በቃ፣ ይቺ ልጅ ዳግመኛ አትመለስም ብዬ ቀዘቀዝኩ።

ሴትዮዋ የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ፣ በሆላንድኛ፣ "ሶስና፣ ልትገድይን ነው እንዴ? በሉ፣ በየተራ እንተንፍስ፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይያዝ። ግን እዚህ መስመር ላይ አንድ ሰው ይጎድለናል፤ ነይ ግቢ" አሏት።

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። አባት እንዲህ ባለ ሰዓት ታላቅ ንግግር ያደርጋል አይደል? እኔ የመጣልኝ "ጃኬቱን ልያዝልሽ" የሚል ብቻ ነበር። ሰጠችኝና ገባች።

ዘፈኑ እንደገና ተጀመረ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ድምጿን ፈልጌ አገኘሁት። አንድ ቦታ ላይ ተሰነጠቀ፤ ማንም አልሳቀም። ማን ጊዜ አለው? ሁሉም የሚተነፍስበትን ተራ ይጠብቃል! ወንበር ፈልጌ ቁጭ አልኩ፤ እንዲህ ቅልል ያለኝ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘሁ ቀን ብቻ ነው።

ይሄኔ ተነስቼ ብሄድ ኖሮ ደግ ነበር። ሴትዮዋ አዩኝ፤ ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ አጥተናልና ለኮንሰርቱ ይግባልን አሉ። እዚያው አስጀመሩኝና ሁለት ስንኝ ሰምተው በትሕትና እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ሶስና ግን መላ አላጣችም፤ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆሜ አፌን እንድከፍት፣ ዘፈኑን ኮምፒዩተሩ እንዲዘፍንልኝ ወሰነች።

በኮንሰርቱ ቀን አደራዬን ተወጣሁ፤ አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ሆላንዳዊ ሰዉን ጥሰው መጡና እጄን ጨብጠው፣ "ሌሎቹ ትንሽ ማሽን ማሽን ይላሉ፤ ያንተ ግን፣ አቤት፣ እውነተኛ የሰው ድምፅ!" አሉኝ።

ዝቅ ብዬ በአንገቴ ብቻ አመሰገንኳቸው። ከተናገርኩማ ድምፄን ሊሰሙት ነው!