መጨረሻው ደረሰ! ፍጠኑ!

ርካሽ ነኝ ብሎ የሚጮህ ሱቅ አላምንም። ውድ የሆነውንም አላምንም፤ እሱ ግን ቢያንስ አይጮህም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን በሽታ ሩቅ ሄዶ አያመጣውም፤ በየመንገዱ ዳር ከተደረደሩት ቡቲኮች መስታወት ላይ ነው የሚጋባበት። «50 በመቶ ቅናሽ!» ይላል አንዱ፣ ቁጥሩ የበር ቁመት አክሎ። እስቲ ቀረብ በሉ። ከቁጥሩ በስተግራ፣ ጥግ ላይ፣ ጉንዳን አክላ የተቀመጠች ቃል አለች፤ «እስከ»። ሱቁን የምታስተዳድረው ያቺ ቃል ናት። ሃምሳ በመቶ የተቀነሰለት አንድ የካልሲ ዓይነት ነው። ሌላው ሁሉ በ«እስከ» ጥላ ሥር ተጠልሎ በድሮ ዋጋው ይኖራል።

መብራቱንም አላምነውም። ሱቅ ውስጥ ወይን ጠጅ የነበረው ሹራብ ቤት ሲደርስ ቡናማ ይሆናል፤ ቀለሙ የሱቁ ንብረት ነበር ማለት ነው። መስታወቱም ያው ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው ያቆሙታል፤ እናንተም ረዘም፣ ሸንቀጥ ብላችሁ ትታያላችሁ፤ ልብሱን የወደዳችሁት ይመስላችኋል። የወደዳችሁት ራሳችሁን ነው። በራሱ ላይ ደግሞ ማን ዋጋ ይከራከራል?

እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲመድበኝ ቢያንስ ከመስታወት እገላገላለሁ ብዬ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጆሮዬ ተደፈነ። ደብረ ሲና ላይ ጃኬቴን አወለቅሁ፣ አርማንያ ላይ ሹራቤን። ሮቢት ስገባ ሸሚዜም በዝቶብኝ ነበር። እዚህ አገር ልብስ ልሽጥ ብሎ የሚነሳ ሰው፣ አልኩ በልቤ፣ ወይ ደፋር ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለ።

ልብስ ሻጯ የሺ ደፋር ነበረች። የሚደብቁትንም ነገር አሳየችኝ፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ያረፍኩበት ሆቴል በረንዳ ከሱቋ ፊት ለፊት ነው፤ የደሴ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙበት። በዚያ መንገድ ላይ ያሉ ሌሎች ነጋዴዎች ልብሱን በር ላይ ይሰቅሉታል፤ አቧራውንና የከባድ መኪናውን ጭስ ከገዢው በፊት ልብሱ ይጠግበዋል። የሺ ግን ከቤሩት ይዛ በተመለሰችው ጥሪት መስታወት አስገባች። ከአዲስ አበባ በአይሱዙ፣ በፍራሽ ተጠቅልሎ መጣ፤ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ መኪናው በነጠረ ቁጥር ያልጠራችው ታቦት አልነበረም። ከመስታወቱ ጀርባ ጭንቅላት የሌለው አሻንጉሊት አቆመችና ግራጫ ኮት አለበሰችው። ከተማው ወዲያው ስም አወጣለት፤ አንገተ ቢሱ። ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ «አንገተ ቢሱ ጋ!» እያሉ ሰው ይጭኑ ጀመር። ጭንቅላቱን ያስጣለው ኮቱ ነው፣ በዚህ ሙቀት፣ የሚሉም ነበሩ።

በሙቀት አገር ኮት ማን ይገዛል እንዳትሉ። የይፋት ቆላ ሽማግሌ ከታች ሽርጥ፣ ከላይ ኮት ነው። እዚያ ኮት የሚለበሰው ለብርድ አይደለም፤ ለክብር ነው። ክብር ደግሞ ያልበዋል እንጂ አይወልቅም።

አንድ ቀን ገብቼ አንገተ ቢሱን ሳደንቅ የሺ ሳቀች። «ጋሼ፣ ከፊት አይተው አይፍረዱ» አለችና አዞረችው። ጉድ! ኮቱ ከጀርባ ተሰብስቦ ከአንገት እስከ ወገብ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከፊት እንደ ሙሽራ የተሰፋ፣ ከኋላ እንደ ጆንያ የታሰረ።

«ቤሩት ነው ያየሁት» አለች። «ማዳሜ በጠዋት ለዳቦ ስትልከኝ የመስታወቱን ልብስ የሚያለብሱት ያን ጊዜ ነው። ቀን የሚያልፈው ሰው ሁሉ ልኩ ይመስለዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ በመርፌው ሰዓት ነበር የማልፈው።»

ያቺ ማዳም አልለቀቀቻትም። አልፎ አልፎ የሆቴሉ ስልክ ይጮኻል፤ አስተናጋጇ መንገዱን አቋርጣ ትጠራታለች፤ የሺ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትመጣና «ሐዲር፣ ማዳም» ትላለች፣ «እሺ፣ እመቤቴ» እንደማለት፣ ገና ማጀት ያለች ይመስል። «እስከ ፋሲካ ሱቁ ካልቆመልኝ እመለሳለሁ ብያታለሁ» አለችኝ። ስለዚያ ቤት ብዙ አታወራም። የምትተኛው በረንዳ ላይ እንደነበረና ያ በረንዳ ከዚህኛው እንደሚጠብብ ብቻ ነግራኛለች። እኔ የተቀመጥኩበት በረንዳ ደግሞ ለሁለት ወንበር አይበቃም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ሠርግ የለ፣ ድግስ የለ። የሱቁን መስታወት የሚነካው አቧራ ብቻ ሆነ። የሺ አሰበች፤ ያሰበችው እንደ ቤሩት ነው። እዚያ ወቅት ሲያልቅ መስታወቱን በቀይ ጽሑፍ ይሞሉታል፣ ሰው እየተጋፋ ይገባል። አንድ ጠዋት ቁርሴን ልበላ ስወጣ ፊት ለፊቴ በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፤

መጨረሻው ደረሰ! ፍጠኑ!

ልትጽፍ ያሰበችው «የወቅቱ መጨረሻ» ነበር። «የወቅቱ» የሚለው ቃል መስታወቱ ላይ አልበቃ ሲላት ተወችው። በአንገተ ቢሱ ደረት ላይ ደግሞ ካርቶን አንጠለጠለች፤ የድሮው ዋጋ በቀይ ተሰርዞ፣ ከሥሩ ያነሰው ተጽፎ።

እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት «እስከ» የምትለዋን ቃል መፈለግ ነው። አጣኋት። ይበልጥ ጠረጠርኩ።

ከተማውም እንደኔ ነው። በዓል ሲደርስ የሚቀንስ ነጋዴ የት አገር አለ? አንዱ ሰልባጅ ነው አለ፣ አንዱ ከሞተ ሰው የወለቀ ነው አለ፣ ሌላው ልትጠፋ ነው፣ ሻንጣዋን አይቻለሁ አለ። ከሱቁ ጎን ቲማቲም የሚሸጡት እትዬ ወርቄ ጽሑፉን አስነብበው ሲሰሙ አማተቡ፤ ስምንተኛው ሺህ በሮቢት በኩል ይመጣል ብለው አልጠበቁም ነበር። ምርጫ የደረሰበት ሰሞን ስለሆነ ከቀበሌም ሰው መጣ። ትሁት ነው። ትሁት የቀበሌ ሰው ደግሞ፣ ታውቁታላችሁ፣ ያስፈራል።

«እህት የሺ፣ የማን መጨረሻ ነው የደረሰው?»

«የኮቱ።»

«ፍጠኑ የተባለውስ ማነው? ወዴት?»

«ወደ ሱቅ ነዋ።»

«መልካም። ግን ከጽሑፉ በስተጀርባ ምን አለ?»

«መርፌ ነው ያለው፤ ላሳይህ?» አለችው። አልሳቀም።

ሁሉም ግን ያልፍ ነበር። ያላለፈው ጋሽ ሙሄ የመጡ ቀን ነው። ጋሽ ሙሄ ማሾና ሽንኩርት የሚያርሱ የቆላ ሰው ናቸው፤ ከሠርግ በፊት ከየሺ አንድ ግራጫ ኮት ገዝተው በደሴ መንገድ ካራቆሬ ላለው የልጃቸው አማት አልብሰዋል። በገበያ ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ከሱቁ በር ቆሙ። ድምፃቸው መንገዱን ተሻግሮ ወደኔ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ምነው ጋሽ ሙሄ! ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ያንን ኮት ካንቺ ስገዛ ምን ብለሽ ነበር የማልሽልኝ?»

የሺ ልታቀርብ ያነሳችውን ወንበር መልሳ አስቀመጠች።

«‹ማርያምን፣ መጨረሻው ነው› አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?» ከዘራቸውን ወደ ካርቶኑ አነሱ። «ከመጨረሻው በታች ሌላ መጨረሻ አለ እንዴ?»

እንግዲህ በአገራችን ገበያ ይህች ቃል ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ገዢው «መጨረሻው ስንት ነው?» ይላል፤ ሻጩ ይምላል፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር ነውር ነው። ዕቃውን የሚያሻግረው ብሩ ብቻ አይደለም፣ መሐላውም ነው። የሺ በቤሩት ቀለም የሮቢትን መሐላ ሰርዛለች። እሷ ቅናሽ የጻፈች መስሏት ነበር፤ ከተማው ያነበበው የእምነት ቃል ነው። እስከ ትናንት ስትዋሸን ነበር፣ ይኸው ራሷ ሰርዛ አመነች!

«ልዩነቱን ልመልስልዎ» አለች።

«አስታግፊሩላህ! ብር ጠየቅሁሽ? አማትየው ከአውቶቡስ ለምሳ ወርዶ አየውኮ! ‹ሙሄ ያለበሰኝ ይሄ ነው? የተሰረዘው?› ብሎ ለአገር አወራ። ኮቱን ለግመል ጠባቂው ሊሰጠው ነው አሉ፤ ለግመል ጠባቂው! ልጄ እዚያ ቤት በምን ፊቱ ይግባ?» ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «የኔንስ ተይው። የማልሽባትን ምን ልታደርጊያት ነው? እሷ የኛም ናትኮ።»

የሺ ከደፉ ላይ ቁጭ አለች። በዚህ ከተማ መሐላዋ የማይታመን ነጋዴ መስታወቱ ወርቅ ቢሆን አይረዳትም። ከበረንዳዬ ሆኜ ያየሁት ይኼን ነው፤ ሴትየዋ ሱቋን ሳይሆን ወደ ቤሩት የሚመልሳትን አውሮፕላን ስታይ።

«ምን ላድርግ ጋሽ ሙሄ?»

ሽማግሌው ቁጣቸው ሲበርድ ገበሬነታቸው ተመለሰ፤ አሰቡ። «የተጻፈው ከኔ ዋጋ በታች አይሁን። ከሰው ጋር በአፍ የምትጨራረሺው የራስሽ ጉዳይ ነው፤ እሱን አውቶቡስ ላይ ያለ ሰው አይሰማውም። አንድ ነገር ብቻ፤ ሁለተኛ አትማዪ።»

በማግስቱ መስታወቱ ንጹሕ ነበር። ቃል የለም። አንገተ ቢሱ ደረት ላይ አዲስ ካርቶን ተንጠልጥሏል፤ አሁን ግን የተሰረዘው ትንሹ ዋጋ ነው። ከላዩ፣ ጋሽ ሙሄ ከገዙበት ከፍ ብሎ፣ ሌላ ቁጥር ተጽፏል። የቀበሌው ሰው መጣ፤ የሚያነበው ቃል ፈለገ፤ አጣ፤ በቁጥር ላይ መመሪያ ስላልነበረው ይመስለኛል፣ ሄደ።

ከዚያ የሆነውን ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር። «ጨመረ እኮ!» አለ አንዱ ባጃጅ ነጂ። «ለፋሲካ ገና ይጨምራል» አለ ሌላው። ዋጋ ቀነሰ ሲባል ሰልባጅ የነበረው ኮት፣ ዋጋ ጨመረ ሲባል እውነተኛ ኮት ሆነ። በዚህ አገር ዋጋ መጨመርን የሚጠራጠር ሰው አላጋጠመኝም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ይታመናል። ሰው ገባ። የገባውም ሁሉ ዓይኑን በተሰረዘው ቁጥር ላይ ተክሎ አንድ ነገር ይለምናል፤

«በተሰረዘው ስጪኝ!»

«እንዴት ተደርጎ! አይታይህም ተሰርዟል?»

«በሞቴ! ትናንት ባየው ኖሮ አልገዛም ነበር?» ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም በዚያ ሲያልፍ አይቼዋለሁ።

ይለምናል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ የሺ ትቃወማለች፣ ታዝናለች፣ በመጨረሻ ትሸነፋለች። ገዢው ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ በጦር ሜዳ የማረከው ይመስል፣ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚላት ሲመጣ ግን አትምልም። «እኔ ጋ መጨረሻ የለም፤ እስቲ አንቱ ይበሉ» ትላለች።

የካራቆሬው አማትም ወሬው ደረሰው። ለምሳ ካልቆመ አውቶቡስ ሹፌሩን አስቁሞ፣ ኮቱን ለብሶ ወረደ፤ ከመስታወቱ ፊት፣ ከአንገተ ቢሱ ጎን፣ ሰው ሁሉ ዋጋውን አንብቦ እስኪጨርስ ቆመ። ግመል ጠባቂው፣ ምስኪን፣ ኮቱ በእጁ ሳይገባ ቀረ።

እኔስ? እኔ ሁሉንም ከላይ ሆኜ አይቻለሁ። ሕዝቡ እንዴት እንደሚታለል ለራሴ ሳስረዳ ከረምኩና የሁዳዴ የመጨረሻ ሰሞን መንገዱን ተሻግሬ ሱቋ ገባሁ። ለማየት ብቻ። ከመደርደሪያው ኮት ልታወርድልኝ ስትል «አይሆንም!» አልኳት። የሚያሳዩትና የሚሸጡት አንድ እንዳልሆነ የማውቅ ሰው ነኛ። «ያንን፣ አንገተ ቢሱ የለበሰውን አውልቂልኝ!»

«ጋሼ፣ እሱ እንኳን...»

«ያንን! በተሰረዘው!»

ተከራከርኩ። ወጣሁ። ተመለስኩ። አሸነፍኩ።

ኮቱን ተሸክሜ በረንዳዬ ላይ ሳልቀመጥ የሆቴሉ ስልክ ጮኸ። አስተናጋጇ ሮጠች፤ የሺ መጣች። በዚህኛው ጊዜ እጇን አልጠረገችም፤ የመርፌ ቁልፎቹን በጣቶቿ እንደያዘች ነበር። ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። «ሐዲር» እስክትል ጠበቅሁ፤ ከጨመረ ነገር ወደ ኋላ የሚል ሰው አላየሁማ። በዓረብኛ አጭር ነገር ተናግራ ዘጋችው።

«ምን አለችሽ?»

«ዋጋ ጨመርኩልሽ አለችኝ።»

«እና?»

«እኔ ከጀርባ ነው የማውቅሽ አልኳት።» መርፌዎቹን ቀሚሷ ደረት ላይ ሰካቻቸውና መንገዱን ተሻገረች፤ ደንበኛ ቆሞ ነበር።

ክፍሌ ገብቼ ኮቱን ለበስኩት። እጅጌው ጣቶቼን ዋጠ፤ ጀርባው ለሌላ ሰው የሚሆን ቦታ ተርፎታል። መርፌዎቹን ያሳየችኝ እኮ እኔን ነው፤ በገዛ እጇ አዙራ። መልሼ ልስጣት ብዬ አሰብኩ፤ ግን ተከራክሬ፣ ወጥቼ፣ ተመልሼ ያሸነፍኩትን ኮት በምን አንደበት?

ኮቱ ዛሬም አለኝ። ከፊት ለሚያየኝ ልኬ ነው።