የጀልባዋ ቀለም

ክፉ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ክፉስ ተለምኖ ይራራል። ደንብ አክባሪ ከገጠማችሁ ግን በማን ትማጸናላችሁ? ጋምቤላ ክልል በተባለች ሰሞን የጤና ቢሯችን የበጀት ኃላፊ የነበሩት አቶ ደምሴ፣ ለወንበር የተያዘ በጀት ለጠረጴዛ ከሚያውሉ ጣታቸው ቢቆረጥ ይመርጡ ነበር።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል በክረምት በጀልባ ብቻ ከሚደረስባት ከማታር በሬዲዮ መልእክት መጣ። አንዲት ሴት ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆኗታል። ጀልባችን ባሮ ዳር ቆማለች፤ ጠብታ ቤንዚን ግን የላትም። አዋላጃችን ሲስተር ኛቦል እየሮጠች አቶ ደምሴ ቢሮ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት።

«የነዳጅ በጀት አልቋል» አሏት። እሳቸውንም ላብ አጥምቋቸዋል። «ለጀልባዋ የቀረው የቀለም ብቻ ነው።»

ከጎን ክፍል ሬዲዮው እንደገና ጮኸ። «ኧረ ቶሎ በሉ! እየደከመች ነው!»

ሲስተር ወደ ጠረጴዛቸው ተጠጋች። «አቶ ደምሴ፣ የዘይት ቀለም በምን ነው የሚቀጥነው?»

«በቤንዚን።»

«እንግዲያስ አንድ በርሜል ማቅጠኛ ፍቀዱልኝ።»

ለአንዲት ጀልባ በርሜል ሙሉ ማቅጠኛ ይበዛል የሚል ደንብ የለም። ፈረሙ።

እናትም ልጅም ተረፉ። አቶ ደምሴ ግን ጀልባዋ ለምን እንዳልተቀባች በጽሑፍ እንድናስረዳ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ላኩልን።